የእንቅልፍ ዐረብኛ

«ቋንቋው እኮ የእሷ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ከዚህ ቀጥሎ እናቱ የመለሰችው አንድ ነገር ነበር። ጣሰው ዕድሜ ልኩን ሲፈልግ የኖረው ያንን መልስ ነው። የእናቱ ድምፅ ዝቅ ብሎ እንደነበር ያስታውሳል። አጎቱ በረጅሙ መተንፈሱንም ያስታውሳል። መልሱ ግን ከተቀደደ ጆንያ እንደሚፈስ እህል ከመሃል ሾልኮ ጠፍቷል።

ያን ጊዜ ልጅ ነበር። ጎጃም በረንዳ፣ አጎቱ በሚነግድበት መጋዘን ውስጥ፣ በኑግ ጆንያዎች መሃል ተጋድሟል። ትልልቆቹ እንቅልፍ የወሰደው መስሏቸው ነው ያወሩት። ወሬው ስለ አክስቱ ስለ ሙሉነሽ ነበር። ሙሉነሽ ጅቡቲ ብዙ ዘመን ሠርታ ከተመለሰች ወዲህ ቀን ቀን ዝም ትላለች፤ ዐይኗን ስትከድን ግን ሰፈሩ ውስጥ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ታወራለች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት መኪና መጣና ሩቅ አገር ወዳለ ጠበል ወሰዳት። በዚያው ቀረች። መሞቷ ተነገረ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ተለቀሰ፤ መቃብሯን አየሁ ያለ ግን ከዘመድ አንድም አልተገኘ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የጣሰው ጆሮ ግን የቅርብ ዘመዱ ነበር። አጎቱ ከሥራ ስለማይለቀው የኔታ ዘንድ ቁጭ ብሎ የመማር ዕድል አላገኘም፤ ዳዊትን የተማረው ከአጥር ውጪ ቆሞ፣ ሌሎቹ ልጆች ሲያዜሙ አብሮ በከንፈሩ እያዜመ ነው። ዛሬ አምሳውን አልፎ፣ ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ጠዋት ጠዋት ራጉኤል ኪዳን አድርሶ፣ ከጎኑ ካለው መስጊድ ከሚወጡት ጎረቤቶቹ ጋር እየተሰላመ ወደ ሱቁ ይወርዳል። ብዙ አያወራም። ደንበኞቹ «ጋሽ ጣሰው ጋ ስትሄጂ የሆድሽን ትተነፍሺና ነጠላውን ሳትገዢ ትመለሻለሽ» እያሉ ይቀልዱበታል።

ልጁ ሎዛ ከጅዳ የተመለሰች ሰሞን ነው ያ የልጅነት ወሬ እንደ አዲስ የተነሳበት።

ሎዛ ስትሄድ ጫጫታ የምትወድ ልጅ ነበረች። ስትመለስ እናቷ ዐርፋ ነበር፤ እሷም ይዛ የተመለሰችው ሻንጣ እንጂ አፍ አልነበረም። «ጅዳ እንዴት ነበር?» ሲሏት «ደኅና» ትላለች። «ዐረብኛውንስ አቀላጠፍሽው?» ሲሏት «ረሳሁት» ትላለች። አባቷ ሱቅ ትውላለች፤ የነጠላ ዘርፍ ትቋጫለች። ምሳ ከተበላ በኋላ ግን ድካም ይጥላታል። ከመጋረጃው ጀርባ፣ የተደራረበው ጋቢ ላይ ጋደም ትላለች፤ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ይመጣል።

ድምፁ አንድ ቢሆን ኖሮ ሰው የእንቅልፍ ልብ ነው ብሎ ባለፈው። ሁለት ነበር። አንደኛው የራሷ የሎዛ ነው፤ ቀስ ያለ፣ የሚያባብል። ሌላው ቀጭን፣ ከጉሮሮ ሳይሆን ከአፍንጫ የሚወጣ፣ ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ነው። ሁለቱም በዐረብኛ ይነጋገራሉ። ሱቁ ውስጥ ከጣራ እስከ ወለል የተሰቀሉት ነጫጭ ነጠላዎች ያን ጊዜ፣ ነፋስ በሌለበት፣ የሚያዳምጡ ሰዎች ይመስላሉ። ለልጇ ክርስትና ጥበብ ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት ቀጭኑን ድምፅ ሰምታ፣ የመረጠችውን ልብስ ባንኮኒው ላይ ጥላ፣ እያማተበች ወጣች። በማግስቱ ወሬው ተራውን ሞላው፦ «የጋሽ ጣሰው ልጅ ላይ የዐረብ መንፈስ ሰፍሯል።»

ወሬው የጣሰው ታላቅ እህት እቴቴ ጆሮ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እቴቴ ጎጃም በረንዳ ያለውን የአጎታቸውን መጋዘን ወርሳ የምትነግድ፣ ጾም የማትሽር፣ የተናገረችውን የማታጥፍ ሴት ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ፣ መቋሚያ የሚያህል መስቀል በእጇ ይዛ ደረሰች። ድምፁ ሲጀምር መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«ማን ነህ አንተ? ስምህን ተናገር! ከየት ነው የያዝካት? ልቀቅ!»

ሎዛ ጩኸቷን ለቀቀችው። ብንን ብላ ጥግ ላይ ተሸጎጠች።

«አየህ?» አለች እቴቴ ወደ ወንድሟ ዞራ። «ስሙን ሲጠየቅ ነው የጮኸው።»

«የጮኸችው እሷ ናት እኮ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ! ራቅ ያለ ጠበል አለ፤ እዚያ ትቆይ። መኪናውን እኔ እይዛለሁ።»

ጣሰው በዚያች ቅጽበት የሰማው የእህቱን ድምፅ አልነበረም፤ ከኑግ ጆንያዎቹ ጀርባ የሚመጣውን ነበር። ጠበል ይጠላል እንዳይባል፣ እሱ ራሱ በየወሩ የሚጠመቅ ሰው ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ልጁን ምን እንደምትል ሳይሰማ መኪና ላይ መጫን። እንደዚያ ከተጫነች እሷም እንደ ሙሉነሽ፣ አንድም ሰው ሳይገባው ያለፈ ድምፅ ሆና ትቀራለች።

«ጥምቀት ይለፍ» አለ። «ለበዓል ሥራ ይበዛል፤ ያለሷ አልችልም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሰው በዓል እየጠራ ቀጠሮ የሚያራዝም ሰው ሆነ። በመሃሉ ዐረብኛ መማር ጀመረ።

መጀመሪያ ከመንገድ አዟሪ አንዲት መጽሐፍ ገዛ፤ ሽፋኗ በአንድ ወር እንደምታስተምር ትምላለች። ቃላቱን አንድ በአንድ ሸመደዳቸው። ቤት፣ ወንበር፣ ብርቱካን። ሎዛ ስትተኛ ጆሮውን መጋረጃው ላይ ለጥፎ ቢጠብቅ፣ ከሸመደዳቸው ቃላት አንዱም ብቅ አላለም። ያኔ ነው መጋረጃና ምንጣፍ ወደሚሸጠው ጎረቤቱ ወደ ቡርሃን የሄደው። ቡርሃን በወጣትነቱ ጅዳ ሾፌር ነበር። ጣሰው ከመጽሐፏ የተማረውን ሰላምታ ሲያወርድለት ቡርሃን ምንጣፉ ላይ በሳቅ ተንከባለለ።

«ወላሂ ዜና አንባቢ መሰልክ! ጣሴ፣ በዚህ አፍህ ጅዳ ሄደህ ሻይ ብታዝዝ፣ ጦርነት ተነሳ ብለው ይሸሹሃል።»

«እንዴት ልማር ታዲያ?»

«ካረጁ አይበጁ አሉ!» አለና ቡርሃን የጣሰውን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «ለምንድን ነው የፈለግከው? ለሎዛ ነው?»

ጣሰው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ስማኝ። ቃል አትልቀም። ሰው ቃል አያወራም፤ ወሬ ነው የሚያወራ። ወሬውን እንዳለ ያዝ።»

ጣሰው ይህን ሲሰማ ከአጥር ውጪ የቆመው ልጅ ትዝ አለው። የየኔታ ልጆች ዳዊትን ሲማሩ ማንም ትርጉሙን አልነገራቸውም። መጀመሪያ በግዕዝ ንባብ ቃሉን እየጎተቱ፣ ቀጥሎ በውርድ ዜማ፣ መጨረሻ በቁም ንባብ በፍጥነት እያወረዱ፣ አፋቸው ከጠራ በኋላ ነው ትርጓሜ የመጣው። እሱም የግዕዝ ቋንቋ የገባው እንደዚያ ነበር፤ ዓመታት በአፉ ሲኖር ቆይቶ፣ አንድ ቀን ቅዳሴ መሃል ቆሞ ሳለ፣ ካህኑ የሚለው ገባው። እንዴት እንደገባው ዛሬም አያውቅም።

ስለዚህ ቡርሃንን ወሬ ለመነው። ቡርሃን ጠዋት ተነስቶ ጅዳ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር፣ የአሠሪው ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እንዴት እንደሚያስቸግሩት፣ በዐረብኛ በጣሰው ስልክ ላይ ቀዳለት። አጭር ወሬ ነው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ጣሰው ማዳመጫውን አንድ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ነጠላ እያጠፈ ያንኑ ወሬ ይሰማል። ደግሞ ይሰማል። መጀመሪያ የሰማው የሚያልፍ የውሃ ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ውሃው ውስጥ ጠጠሮች ታዩት። ቀጥሎ ከቡርሃን ድምፅ ጋር እኩል እየጀመረ እኩል መጨረስ ቻለ።

«ትርጉሙን ልንገርህ?» ይለዋል ቡርሃን።

«ቆይ፣ አፌ ይጥራ።»

አፉ ሲጠራ ትርጉሙን ይቀበላል፤ ሌላ ወሬ ያስቀዳል። ቡርሃን በዚህ ብቻ አላቆመም። የመናውያን ደንበኞቹ በመጡ ቁጥር ጣሰውን እየጠራ፣ አንድ ነገር ራሱ ካልጠየቃቸው እንደማይለቀው ይነግረዋል። ጣሰው ላብ በላብ ሆኖ «ቤተሰብ ደኅና ነው?» ይላል። የመናውያኑ ይስቃሉ፤ ስቀው ግን ይመልሳሉ። ከመጽሐፏ ከሸመደደው ቃል ይልቅ፣ ያፈረበት ቃል ከአእምሮው አልወጣ አለ።

«ኧረ ጣሴ፣ ዐረብኛውን ቀደስከው እኮ!» ይላል ቡርሃን። እውነቱን ነው። ጣሰው የሚያውቀው የመማሪያ ዜማ አንድ ብቻ ስለሆነ ዐረብኛውንም በዚያው ያዜመዋል።

ጥምቀት አለፈ። ዐቢይ ጾም ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ነጠላ እያጠፈ ሳለ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሎዛ ድምፅ «ሂና» ሲል ሰማ። እዚህ ማለት ነው። ቡርሃን የምንጣፍ ጫፍ እየያዘ «እዚህ፣ እዚህ» ሲል የሚናገራት ቃል ናት። ጣሰው የያዘውን ነጠላ አስቀመጠ። ወራት ሙሉ የለፋባት ቀን መጥታ ሳለ፣ ደስታው ሳይሆን ፍርሃቱ ቀደመው። ከመንፈስ ጋር መነጋገር ኃጢአት አይደለም ወይ? ሲገባው፣ የገባው ነገር ራሱ እቴቴ ያለችው ቢሆንስ?

ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ ማስረሻ ሄደ። ሽማግሌው ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ጠበሉ የትም አይሄድም፣ ልጄ» አሉ። «ሰምተሃት ብትወስዳት አይከፋም።»

«ብሰማትና ርኩስ መንፈስ ቢሆንስ አባቴ?»

«ያን ጊዜ በምን ቋንቋ እንደምንጸልይ እናያለን።»

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሳምንት ዝናብ ጣለ። መብራት ጠፍቷል፤ የሸማ ተራ ቆርቆሮ ይንጫጫል፤ ገበያተኛው በየበረንዳው ተጠልሏል። ሱቁ ውስጥ የሚታየው የነጠላዎቹ ንጣት ብቻ ነው። ሎዛ ተኝታለች። ጣሰው በርጩማውን ወደ መጋረጃው አስጠግቶ ተቀመጠ።

«ፌኒክ?» አለ ቀጭኑ ድምፅ።

የት ነሽ? ማለቱ ነው። አሁን ጣሰው ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልፈጀበትም፤ እንደ አማርኛ ገባው። ሌላ ቀን ቢሆን የሎዛ ድምፅ ወዲያው ያባብለዋል፦ «አና ሂና። ማ ሩሕት።» እዚህ ነኝ፣ አልሄድኩም። ዛሬ ግን የሎዛ ድምፅ አልመጣም። ዝናቡ ብቻ ነው።

«ፌኒክ?»

መልስ የለም። ጣሰው ጠበቀ። ቀጭኑ ድምፅ ሊያለቅስ እየዳዳው ነው፤ የሚፈልገውን ሰው ጨለማ ውስጥ በእጁ እየዳበሰ የሚሄድ ይመስላል። መጋረጃው ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ደግሞ ወደ ውጪ ተነፋ።

«ፌኒክ? ፌኒክ?»

ጣሰው አማተበ። በገዛ ልጁ ውስጥ ሆኖ ለሚጠራው ለዚያ ማንነቱ ላልታወቀ ነገር መለሰለት።

«አና ሂና።»

ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ሕፃን አልቅሶ አልቅሶ ሲያበቃ የሚተነፍሰው ዓይነት። ቀጥሎ ጋቢው ተንኮሻኮሸና የሎዛ ድምፅ፣ የነቃው ድምፅ፣ መጣ።

«አባዬ? አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምንድን ነው ያልከው?»

ደገመላት። ሎዛ መጋረጃውን ገልጣ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እንደ ቅዳሴ ነው እኮ የምትለው» አለችና ሳቀች። ከተመለሰች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ።

ጣሰው እንባዋን የምትጠርግበት ነጠላ አቀበላት። ኋላ «ማን ነው የሚጠይቀው?» አላት።

«ልጅ ነው። እኔ ነኝ ያሳደግኩት…» ብላ በአማርኛ ጀመረች። ቆመች። እንደገና ሞከረች። «አይመጣልኝም፣ አባዬ። እዚያ የሆነው ሁሉ በነሱ አፍ ነው የሆነው። በአማርኛ ሳወራው ውሸት ይመስለኛል።»

«በነሱ አፍ ንገሪኝ።»

«አይገባህም።»

«ሽዋያ ሽዋያ» አለ ጣሰው። ቀስ፣ ቀስ ብለሽ።

እንደዚያ ነገረችው። ያልገባውን «ደግመሽ በይው» እያላት፣ እሷም የተሳሳተበትን እያረመችው፣ ዝናቡ እስኪያባራ አወሩ። ልጁ ፈይሰል ይባላል። መዳህ ሳይጀምር ነው እጇ የገባው። ከምሳ በኋላ የሚተኛው የሎዛን ጣት ጨብጦ ነው፤ ሲባንን «ፌኒክ?» ይላል፣ እሷም ከወጥ ቤት «አና ሂና» ትለዋለች። አንድ ቀን እመቤቲቱ መጥታ፣ ዕቃሽ ታች መኪና ላይ ነው፣ ሳይነቃ ውጪ፣ ካየሽ ያለቅሳል አለቻት። ሎዛ ጣቷን ከጭብጡ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ሲጣራ ሰማችው። ወይም የሰማችው መሰላት። ይህን አታውቅም። አልመለሰችለትም።

«እስካሁን እየጠራኝ ቢሆንስ?» አለች። ይህችን በአማርኛ ነው ያለችው። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እቴቴ ልታስወጣው ነው አይደል? ካስወጣችውስ በኋላ የት ይሄዳል?»

ጣሰው የተንሸራተተውን ጋቢ ወደ ትከሻዋ ሳበላት።

ያን ሰሞን ሌላም ነገር ሞከረ። ከሙሉነሽ አፍ ሰምቶ በጆሮው የቀሩትን ጥቂት ድምፆች ለቡርሃንም፣ ለየመናውያኑም፣ ለሎዛም አሰማ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ዐረብኛ አልነበረም። ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው ከእንግዲህ የሚገኝ አይመስለውም።

ፋሲካ አለፈ። በሳምንቱ እቴቴ ምሳ ሰዓት ላይ ከተፍ አለች፤ ጠርሙሷም መስቀሏም አብረዋት ናቸው።

«መኪናው አብነት ሰፈር ቆሟል። ዛሬ ደግሞ የትኛውን በዓል ልትጠራልኝ ነው?»

«በዓሉ አልቋል። ተቀመጪ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም! የት አለች?»

«ተኝታለች።»

እቴቴ አፏን ስትከፍት ድምፁ ቀደማት። ቀጭኑ ነው። ወዲያው መስቀሏን አንስታ ወደ መጋረጃው ስትራመድ ጣሰው የእጅ አንጓዋን ያዘ። በዕድሜው ታላቅ እህቱን እንደዚያ ይዟት አያውቅም።

«እቴትዬ፣ ስሙን ከመጠየቅሽ በፊት የሚለውን ስሚ። የት ነሽ ነው የሚላት።»

«አንተ በምን አወቅክ?»

«ተምሬ። ይኸው፣ አሁን ደግሞ እሷ እዚህ ነኝ፣ አልሄድኩም አለችው። ተኛ እያለችው ነው። ልጅ ነው እቴትዬ። ያሳደገችው ልጅ ነው።»

ሁሉንም በጆሮዋ ነገራት። እቴቴ መስቀሉን ደረቷ ላይ እንደያዘች በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«በሕይወት አለ ልጁ?»

«አለ እንጂ። እሱማ አለ። እሷ ናት የቀረችበት።»

እቴቴ ወደ ላይ ቀና አለች። ዐይኗ የተሰቀሉት ነጠላዎች ላይ ነው።

«ሙሉነሽ» አለች ቆይታ፣ «መኪናው ውስጥ ሆና ጠርታኝ ነበር። እቴቴ፣ ነጠላዬን አምጪልኝ፣ ይበርደኛል አለችኝ። ጥርት ባለ አማርኛ። ሮጬ አመጣሁላት። መኪናው ሄዷል።»

ጣሰው ይህን ሰምቶ አያውቅም። «የዚያን ጊዜ እናታችን ለአጎታችን የመለሰችው… መጋዘኑ ውስጥ… አላወቅሽም?»

«እኔ መጋዘን አልነበርኩም። ምን ብላ?»

«ተይው።»

ከመጋረጃው ጀርባ የሎዛ ትንፋሽ ይሰማል። ቀጭኑ ድምፅ ለጊዜው ዝም ብሏል።

«ጠበሉን አልተውነውም» አለ ጣሰው። «እዚሁ፣ ራጉኤል፣ በእግሯ ትሄዳለች፤ እኔም አብሬያት። ራሷ እሺ ብላለች፤ ማንም ስሙን እንዳይጠይቀው ብቻ ነው የለመነችው። አንድ የቸገረኝ ነገር አለ። የጎረቤቴ የቡርሃን እናት ዐርፋለች፤ ነገ ለቅሶ ነው የምውለው፤ መቅረት አልችልም። እኔ በሌለሁበት ከጠራትና እሷ ካልመለሰችለት ባንና ትውላለች። የሚመልስለት ሰው ያስፈልጋል።»

እቴቴ አየችው። ሲገባት ከበርጩማው ልትነሳ ቃጣት።

«እኔ? ዐረብኛ? በዚህ ዕድሜዬ! አንተ ሰውዬ ደኅና ነህ?»

«ሁለት ቃል ናት። አና ሂና።»

«ምላሴ እንዲህ ያለ ነገር አይዝም።»

«ትርጉሙን ተይው፤ መጀመሪያ አፍሽ ይጥራ።»

«ኃጢአት ቢሆንስ?»

«ልጅ ማባበል ኃጢአት ነው?»

እቴቴ መስቀሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ስልኳ ጮኸ፤ አብነት የቆመው የመኪናው ሹፌር ነው። «ዛሬ የለም፣ ሂድ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወንድሟን ቀና ብላ ሳታይ፣ በቁጣ መሰል ድምፅ፣

«እሺ፣ ነገ እኔ እመጣለሁ» አለች። «ከጠራ እመልስለታለሁ። ግን መጀመሪያ በስመ አብ እላለሁ፤ ከዚያ ነው አና ሂና የምለው። እስቲ በል፣ ድገምልኝ።»